ግልገል እባብ በደሴና በኮምቦልቻ፦ አመጋገብና አያያዝ

ግልገል እባብ የምንለው ከእንቁላል ከወጣ ጀምሮ አንድ ዓመት ገደማ እስኪሞላው ድረስ ያለውን ነው። በዚህ ዕድሜ ሰውነቱ ቀጭን፣ ሆዱ ትንሽ ነው። ሁሉም ነገር ያስፈራዋል። የአያያዝ ስህተት ፈጥኖ የሚጎዳውም ያኔ ነው።

እባብን ቤት ውስጥ ማሳደግ በወሎ የቆየ ልማድ አይደለም። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እየተባለ ያደገ ሰው፣ እባብ በሳጥን አስቀምጦ የሚመግብ ሲያይ ግር ቢለው አይገርምም። በጥንቱ ታሪካችን ውስጥም እባብ ሲነሳ ቀድሞ የሚመጣው አርዌ የተባለው የአክሱሙ ዘንዶ ነው።

ስለ ጉዳዩ በአማርኛ የተጻፈ መመሪያ ማግኘት ከባድ ነው። በውጭ አገር አርቢዎች የተጻፈው ደግሞ ቤቱ ቀኑን ሙሉ የሚሞቅለትን ሰው እያሰበ ነው። የደሴ ቤት እንደዚያ አይደለም። እዚህ ግልገል እባብ ከረሃብ በፊት የሚጎዳው ብርድ ነው። ስለዚህ ከምግቡ በፊት ስለ ሙቀቱ መናገር ግድ ይላል።

የትኛው እባብ?

በዓለም ላይ በቤት ከሚያድጉት እባቦች በደንብ የተጠኑት ሁለት ናቸው። ቦል ፓይተን የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ እባብ ነው። ሲፈራ ጭንቅላቱን መሀል አድርጎ ድብልብል ይላል፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው፤ ቦል ማለት ኳስ ነው። ሲፈለፈል ከ25 እስከ 43 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ሲያድግ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ይደርሳል። በደንብ ከተያዘ 20 ዓመት፣ አንዳንዴም 30 ዓመት ይኖራል። ኮርን ስኔክ ደግሞ የደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ እባብ ነው። ቀጠን ያለና ንቁ ነው፣ ምግብ ላይም ብዙ አያስቸግርም።

ሦስተኛው የራሳችን ነው። ቡናማው የቤት እባብ ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ይኖራል። መርዝ የለውም። አይጥን ጠምጥሞ ነው የሚገድለው። የሚወጣው ማታ ነው። የቤት እባብ የተባለው አይጥ ፍለጋ በሰው ቤትና በጎተራ ዙሪያ ስለሚመላለስ ነው። ሴቷ ከወንዱ ትበልጣለች። ለገበሬው ይህን ያህል ውለታ የዋለ እባብ በየደጃፉ በዱላ ሲያልቅ ማየት ያሳዝናል። በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ የሚገኙ ሌሎች እባቦችም አሉ።

አንድ ነገር ግን በግልጽ መባል አለበት። ቦርከና ወንዝ ዳር ወይም ግቢ ውስጥ ከድንጋይ ሥር የተገኘ ትንሽ እባብ «ገና ልጅ ነው» ተብሎ በእጅ አይነሳም። እፉኝት እንቁላል አትጥልም፣ ልጆቿን ትወልዳለች። ልጆቿም ገና ሲወለዱ መርዛቸውን ይዘው ነው። ቡናማ እባብ ሁሉ የቤት እባብ አይደለም። ከነከሰ ቁስሉን መብጣት፣ በአፍ መምጠጥም ሆነ በገመድ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ጉዳቱን ያባብሳል። የተነከሰውን እጅ ወይም እግር ሳያንቀሳቅሱ በፍጥነት ሆስፒታል መድረስ ነው።

ሙቀት

ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዙ ኮምቦልቻ ይደርሳሉ፤ ከፍታዋ 1,850 ሜትር አካባቢ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲቀንስ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ልዩነት እንግዲህ 4 ዲግሪ ያህል ነው። ለሰው ኮት የመልበስና የማውለቅ ጉዳይ ይሆናል። ለግልገል እባብ ግን የበላውን የመፍጨትና ያለመፍጨት ጉዳይ ነው። ከዚህ አንፃር ኮምቦልቻ የተሻለች ናት፤ ቀኑ ሞቅ ይላል፣ ማሞቂያውም ብዙ አይለፋም። በደሴ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ያለ ማሞቂያ አይታሰብም።

እባብ እንደኛ ሰውነቱን ከውስጥ አያሞቅም። ምግብ የሚፈጨው ከውጭ ባገኘው ሙቀት ነው። ሳጥኑ ከቀዘቀዘ የዋጣት አይጥ ሆዱ ውስጥ ትበሰብሳለች፤ እሱም መልሶ ያወጣታል። ለትንሽ እባብ አንድ ጊዜ መልሶ ማውጣት ራሱ ከባድ ጉዳት ነው።

የሳጥኑ አንደኛው ጫፍ ሞቃት፣ ሌላው ቀዝቀዝ ያለ መሆን አለበት። ለቦል ፓይተን ሞቃቱ ጎን ከ31 እስከ 33 ዲግሪ፣ ቀዝቃዛው ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ይሁን። ለኮርን ስኔክ ሞቃቱ 30 ዲግሪ አካባቢ፣ ቀዝቃዛው ከ22 እስከ 25 ይበቃል። ለቤት እባብም ከዚህ ብዙ አይርቅም። እባቡ ሲሞቀው ወዲያ፣ ሲበርደው ወዲህ እያለ ራሱ ያስተካክላል። በሁለቱም ጫፍ የሚደበቅበት ነገር ከሌለው ግን አያደርገውም፤ ፈርቶ አንድ ቦታ ይቀራል። ጎኑን ቀዶ የተደፋ ትንሽ የፕላስቲክ ጣሳ ይበቃል።

ለማሞቅ የሚሻለው ከሳጥኑ ሥር የሚነጠፍ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው። የወለሉን አንድ ሦስተኛ ብቻ ይሸፍን፤ ሙቀቱን የሚቆጣጠር ቴርሞስታትም የግድ ይኑረው። ያለ ቴርሞስታት የተተወ ማሞቂያ የእባቡን ሆድ ያቃጥላል። አምፖልም ቢሆን እባቡ ሊጠመጠምበት በሚችል ቦታ አይሰቀልም።

ብርድ ሲበረታ ማንደጃ አቀጣጥሎ ሳጥኑ አጠገብ ማስቀመጥ የሚያሰኘው ይኖራል። አይደረግም። የከሰል ጭስ በተዘጋ ክፍል ሰውንም እባብንም ይገድላል። ሳጥኑን ቡና ከሚፈላበትና ዕጣን ከሚጨስበት ክፍል ማራቅም ጥሩ ነው፤ የግልገል ሳንባ ጭስ አይችልም።

መብራት ከሄደስ? ሁለት ሃይላንድ ሙቅ ውሃ ሞልቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ሳጥኑ ውስጥ በአንድ ጎን ማስተኛት። ከላይ በጋቢ መሸፈን፣ የአየር ቀዳዳዎቹን ግን መተው። ውሃው ሲበርድ መቀየር። መብራት እስኪመለስና ሳጥኑ እስኪሞቅ ድረስ ምግብ አይሰጥም። ቀኑ የመመገቢያ ቀን ቢሆንም ይዘለላል። እባብ አንድ ሳምንት ቢዘገይበት ምንም አይሆንም፤ በልቶ ቢበርደው ግን ይሆናል።

ምግብ

ግልገል እባብ ከተፈለፈለ በኋላ የመጀመሪያውን ቆዳ እስኪጥል ድረስ አይበላም። ይህም ከሳምንት እስከ 10 ቀን ይወስዳል። እስከዚያ ድረስ ከእንቁላሉ ይዞት በወጣው ስንቅ ይኖራል። ከዚያ ወዲያ በየ5 እስከ 7 ቀኑ አንድ ጊዜ ይመገባል።

የምግቡን መጠን ለመለየት ቀላሉ መንገድ የእባቡን ወገብ ማየት ነው። አይጧ ከእባቡ ወፍራም ቦታ መብለጥ የለባትም። ለኮርን ስኔክና ለቤት እባብ ግልገል መጀመሪያ የሚሆነው ፀጉር ያላበቀለች፣ ከ1 እስከ 2 ግራም የምትመዝን የአይጥ ጨቅላ ናት። ቦል ፓይተን ሲፈለፈልም ወፍራም ስለሆነ ፀጉር ማብቀል የጀመረች አይጥ ይችላል። ሚዛን ያለው ሰው የእባቡን ክብደት 10 በመቶ ያህል ብሎ ቢይዝ አይሳሳትም። ከበላ በኋላ መሀሉ ላይ ትንሽ እብጠት መታየት አለበት። ቆዳው ተወጥሮ ቅርፊቶቹ ከተለያዩ በዝቶበታል።

ትልቁ ችግር አይጧ ከየት ትምጣ የሚለው ነው። ደሴ ፒያሳ ወርደው የሚገዙት ነገር አይደለም። በወጥመድ የተያዘ የቤት አይጥ ደግሞ ፈጽሞ አይሰጥም። በየቤቱ የአይጥ መርዝ ይበተናል፤ መርዙን የቀመሰች አይጥ እባቡን ትገድላለች። መርዙ ባይኖር እንኳ ጥገኛ ትል ታመጣለች።

ያለው መንገድ ነጭ አይጥ ራስ ማርባት ነው። አንድ ወንድና ሁለት ሴት ይበቃሉ። እርግዝናው 3 ሳምንት ገደማ ነው። በአንድ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ወይም ከዚያ በላይ ይወለዳሉ። ስንዴ፣ በቆሎና ፉርሽካ ተቀላቅሎ ሲሰጣቸው፣ አልፎ አልፎም የተቀቀለ እንቁላል ሲጨመርበት ጥሩ ያድጋሉ። በደንብ የበላች አይጥ ለእባቡም ጥሩ ምግብ ናት። ጨቅላዎቹ ሳይሰቃዩ ተገድለው፣ በንጹሕ ላስቲክ ተጠቅልለው ፍሪዘር ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ከሰው ምግብ ተለይተው። በመመገቢያው ቀን ቀስ ብለው ይቀልጡና፣ በላስቲክ እንዳሉ ሙቅ ውሃ ውስጥ ተነክረው 38 ዲግሪ አካባቢ ይሞቃሉ። ማይክሮዌቭ አይሆንም፤ ውጭው ቀዝቅዞ ውስጡ ይቃጠላል።

በሕይወት ያለች አይጥ ይሰጥ ወይስ የሞተች? በዚህ ላይ አርቢዎች አይስማሙም። ዓይኗን ላልገለጠች ጨቅላ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ጥርስ ያወጣች አይጥ ግን ትነክሳለች፤ ካልተራበው እባብ ጋር ሌሊት ከተተወች ጀርባውን በልታው ታድራለች። የሞተች ትሻላለች።

አሰጣጡ እንዲህ ነው። አይጧ በረዘመ ወረንጦ ከወገቧ ትያዛለች። ጭንቅላቷ ወደ እባቡ ይዞራል፤ ቀስ ተብሎም ትወዛወዛለች። እባቡ መጀመሪያ ምላሱን ያፈጥናል። አንገቱን እንደ ኤስ ፊደል ወደኋላ ይሰበስባል። ከዚያ ይወነጨፋል፤ ይጠመጠማል። ያን ጊዜ ወረንጦውን ለቆ፣ መብራቱን ቀንሶ ዞር ማለት ነው። በጣት መስጠት አይገባም፤ እጅንና ምግብን አንድ አድርጎ ይማራል።

አልበላም ካለ፣ በተለይ ቦል ፓይተን በዚህ የታወቀ ነው፣ መጀመሪያ የሚታየው ሙቀቱ ነው። ቀጥሎ መደበቂያው። ዓይኑ ሰማያዊ ደመና መስሎ ከሆነ ቆዳ ሊጥል ነው፤ እስኪጥል መጠበቅ ነው። መልሶ ካወጣ ደግሞ ከ10 እስከ 14 ቀን ሆዱ ይረፍ፤ ከዚያም ከወትሮው ግማሽ የምታህል ምግብ ይሰጠው።

ወተት አይጠጣም። እባብ ወተት ይወዳል የሚባለው ወሬ ነው፤ ሆዱን ያበላሸዋል። ከሉካንዳ የመጣ ሥጋም አይተካም። እባብ ካልሲየም የሚያገኘው ከነአጥንቱ ከሚውጠው እንስሳ ነው፤ ለስላሳ ሥጋ ብቻ የበላ ግልገል አጥንቱ ይጣመማል። የአንድ ቀን ጫጩት ለግልገል ትልቅ ናት፤ ሲያድግ አልፎ አልፎ ብትሰጥ ችግር የለውም። ውሃ ግን ሁልጊዜ፣ በማይገለበጥ ሳህን።

ሳጥኑ

ሰፊ ቤት ለግልገል አይመችም፤ ያስጨንቀዋል። ርዝመቱ እባቡን የሚያህል፣ ክዳኑ የሚቆለፍ፣ ጎኑ የተበሳሳ የፕላስቲክ ሳጥን ጥሩ ነው። ቀዳዳው ከእባቡ ጭንቅላት በደንብ ማነስ አለበት፤ ጭንቅላቱ ካለፈ ሌላው ያልፋል። ለምንጣፍ ሶፍት ወይም ጋዜጣ ይበቃል። ከአናጢ ቤት የሚመጣ ሰጋቱራ አይመከርም። የጥድና የባሕር ዛፍ ፍቅፋቂ ይኖረዋል፤ የእነዚህ እንጨቶች ሽታ ያለው ዘይት የእባብን ሳንባ ይጎዳል።

በእጅ መያዝ

አዲስ የመጣ ግልገል ቢያንስ አንድ ሳምንት አይነካም። ሁለት ሦስት ጊዜ በደንብ እስኪበላ መጠበቅ ይሻላል። ከበላ በኋላ 48 ሰዓት፣ ቆዳ ሊጥል ሲልም እስኪጨርስ እጅ ይሰበሰባል። ደሴ ላይ በብርድ ወቅት ከ48 ሰዓቱ ላይ አንድ ቀን መጨመር አይከፋም።

ሲነሳ እጅ ከላይ አይመጣበትም። ከላይ የሚመጣበት ጭልፊት ነው፤ በተፈጥሮው ያንን ይፈራል። ከጎን ቀረብ ብሎ ከሰውነቱ መሀል በሁለት እጅ ደግፎ ማንሳት ነው። አንገቱም ጅራቱም አይጨመቅም። በጣቶች መሀል እየተሳበ እንዲሄድ መተው፣ አንዱን እጅ ከሌላው ፊት እያስቀደሙ መንገድ መስጠት። ለመጀመሪያ ጊዜ 5 ደቂቃ ይበቃል። እጅ በውሃ ከቀዘቀዘ መጀመሪያ ይሙቅ፤ ቀዝቃዛ መዳፍ ያስደነግጠዋል። አይጥ የነካ እጅ ደግሞ በሳሙና ሳይታጠብ ወደ ሳጥኑ አይገባም።

ኮርን ስኔክ ሲፈራ ጅራቱን ያርገፈግፋል። የቤት እባብ መጥፎ ሽታ ይለቃል፣ ሊነክስም ይችላል። የግልገል ንክሻ የእሾህ ጭረት ያህል ነው። እጅን መንጭቆ ማውጣት ግን የእባቡን ጥርስ ይሰብራል፤ ዝም ሲባል ይለቃል። ቦታው በሳሙና ይታጠባል።

ከነኩት በኋላም መታጠብ ግዴታ ነው። እባብ ጤነኛ ሆኖ ሳልሞኔላ የተባለውን የተቅማጥ ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና አረጋውያን ባይነኩት ይሻላል። የውሃው ሳህን ወጥ ቤት ውስጥ አይታጠብም።

ሕግና ሕክምና

የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። ፈቃዱን በተመለከተ የሚጠየቀው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። ኢትዮጵያ ከ1981 ዓ.ም. ጀምሮ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረው የሳይተስ ስምምነት አባል ናት። ፓይተኖች በሙሉ በዚህ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ስለሆኑ ያለ ወረቀት ድንበር አያልፉም።

ለሕክምና አካባቢው ዕድለኛ ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ያስተምራል፤ ኮምቦልቻ ደግሞ ስመ ጥር የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ አላት። ዋና ሥራቸው ከብት፣ በግና ዶሮ ቢሆንም የዓይነ ምድር ናሙና ውስጥ የትል እንቁላል ማየት ለእባብም ያው ነው። ባለሙያ የሚፈለግባቸው ምልክቶች አፍን ከፍቶ መተንፈስ፣ ከአፍ የሚወጣ አረፋ፣ ሁለት ጊዜ መልሶ ማውጣትና የክብደት መቀነስ ናቸው። ክብደቱ በየሁለት ሳምንቱ በወጥ ቤት ሚዛን በግራም ተለክቶ በደብተር ቢጻፍ፣ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱኑ ነው። ዓመት ሲሞላው በሳምንት አንዴ የነበረው ምግብ ቀስ በቀስ ወደ 10 ቀን፣ ሲጎለምስም ወደ 2 ሳምንት ይራዘማል።