ቢራ ጓዳ ሲገባ፦ የመሃል አዲስ አበባ ርካሽ ቢራ ምን ምን ይሠራበታል?

መሃል አዲስ አበባ ቢራ ፍለጋ ሩቅ አያስኬድም። ከሜክሲኮ እስከ ለገሃር፣ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ፣ ኮሪደር ልማቱ ካፈረሰው የተረፈውን ሰፈር ብትዞሩ በየመታጠፊያው አንድ ግሮሰሪ አታጡም (ግሮሰሪ እዚህ ከተማ መጠጫ ቤት ማለት ነው፤ ከውጭ የመጣ ዘመድ ስኳር ሊገዛ ገብቶ ደንግጦ ይወጣል)። የአገሪቱ አንጋፋ ቢራ ፋብሪካ ጊዮርጊስም በ1915 ዓ.ም. የተቋቋመው በዚሁ ከተማ ነው።

ርካሽ ቢራ ስል የተለመደውን የፋብሪካ ቢራ ነው፦ ጊዮርጊስ፣ ሜታ፣ ሐረር፣ በደሌ፣ ዳሽን፣ ሐበሻ፣ ዋልያ። ዘንድሮ “ርካሽ” የሚለው ቃል ራሱ ያስቃል፣ ግን ከወይንና ከውስኪ ጎን ሲቀመጥ አሁንም ርካሽ ነው። ጠጪው የትኛው ይሻላል ብሎ እስኪነጋ ይከራከራል። ድስት ግን አይለያቸውም። አብዛኞቹ ቀለል ያሉ፣ ቢጫ፣ የተጣሩ ቢራዎች ናቸው፣ አልኮላቸውም 5 በመቶ አካባቢ ነው።

እንደኔ እንደኔ ቢራ ጓዳችን የገባው በጠጅ በር ነው። አዋዜ ድሮም በጠጅ ወይም በአረቄ ይበጠበጥ ነበር። ደህና ጠጅ ማግኘት ሲከብድ፣ ጠላም ከድግስ ውጭ ከቤት ሲጠፋ፣ ቦታቸውን የያዘው እታች ግሮሰሪ ያለው ጠርሙስ ነው። ስለዚህ በርበሬ፣ ትንሽ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው፣ ዘይት ጠብ ታደርጉና ቢራውን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመራችሁ ታሻላችሁ። አንድ ሌሊት ቢያድር ይበልጣል፣ በርበሬው ይጠጣና ዱቄት ዱቄት ማለቱን ይተዋል። ሰናፍጭም በዚሁ መንገድ ይሆናል። ለአዋዜ ጋዙ የወጣ ቢራ ምንም ችግር የለውም፣ እንዲያውም ማታ ጠርሙስ ውስጥ የተረፈችዋ ለዚህ የተፈጠረች ናት።

ጥብስ ላይ ግን ልክ ማወቅ ያስፈልጋል። ስጋው ውሃውን ጨርሶ መጥበስ ሲጀምር፣ ድስቱ ሥር የያዘውን ለማስለቀቅ ያህል ሁለት ሦስት ማንኪያ ጠብ ይደረጋል፣ ቶሎ ቶሎ ይማሰላል፣ ሮዝመሪና ቃሪያ ይከተላል፣ አለቀ። ከዚያ በላይ ከሆነ ጥብሱ ቅቅል ይሆናል። ሌላም ጣጣ አለው፦ የቢራን ምሬት የሚያመጣው ሆፕስ የሚባለው አበባ ነው (ጌሾ ለጠላ የሚሠራውን ሥራ ነው የሚሠራው)፣ ምሬቱ ደግሞ እንደ ውሃው ተንኖ አይሄድም። ፈሳሹ ባነሰ ቁጥር ምሬቱ ይጎላል። እኔ አንዴ የዶሮ ቁሌት ላይ “ይጣፍጣል” ብዬ ሙሉ ጠርሙስ ገልብጬ ሁለት ሰዓት አንተከተክሁት። ያቺ ዶሮ እስከ ዛሬ በቤታችን ትነሳለች። እቴቴ አንዴ ቀምሳ “ኮሶ ነው የሠራኸው?” አለችኝ።

ቢራ በእውነት የሚያኮራው የሚጠበስ ሊጥ ላይ ነው። ከዝዋይ የመጣ ቆሮሶ፣ አበባ ጎመን፣ የሽንኩርት ቀለበት፣ የፈለጋችሁትን። አንድ ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ ጨው፣ ትንሽ ቁንዶ በርበሬ፣ ከዚያ ከፍሪጅ የወጣ ቀዝቃዛ ቢራ ማንኪያ ጀርባ ላይ እስኪቆይ ድረስ ብቻ። ጋዙ ዘይት ሲነካው ያብጥና ሊጡን አየር የያዘና ቀለል ያለ ያደርገዋል፣ ቅዝቃዜው ደግሞ ሊጡ እንዳይጎተት ይረዳል። ብዙ አታሹት። እብጠቶቹን አትፍሩ። ሊጡን በጥብጣችሁ ስልክ ማውራት ከጀመራችሁ ግን ጋዙ ሄዷል፣ ጥቅሙም አብሮ ሄዷል፣ ለዚህ ነው የትናንት ቢራ እዚህ ጋ የማይሠራው። እንቁላልም ወተትም ስለሌለበት በጾም ቀን አትክልት መጥበሻ ይሆናል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለቤተሰብ ክርክር እተወዋለሁ።

ዳቦም አለ። ሦስት ኩባያ ዱቄት፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ጨው፣ ትንሽ ስኳር፣ አንድ የ330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ፤ ቅልቅል አድርጎ ኦቨን ውስጥ ነው፣ ማቡካትም መጠበቅም የለም። ጠላ የለመደ ሰው ቢራው ራሱ እርሾ ነው ብሎ ቤኪንግ ፓውደሩን ይተወዋል። አይሆንም፣ የፋብሪካ ቢራ እርሾው ተጣርቶ ወጥቶ፣ ብዙውን ጊዜም በሙቀት ታክሞ ነው የሚታሸገው። ድንጋይ ነው የምትጋግሩት።

አሁን ሰው ብዙ የሚሳሳትበት ነገር፦ “ሲበስል አልኮሉ ይጠፋል” ይባላል። ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ባወጣው ሠንጠረዥ ግማሽ ሰዓት ከተንተከተከ ምግብ ውስጥ 35 በመቶ ያህሉ፣ ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላም 5 በመቶ ያህሉ ይቀራል። አዋዜ ደግሞ ጭራሽ እሳት አያይም። መጠኑ ትንሽ ነው፣ ግን ሙስሊም ጎረቤት፣ የማይጠጣ ጴንጤ ዘመድ ወይም ልጆች ማዕድ ላይ ካሉ አስቀድሞ መናገር የግድ ነው፣ “አይታወቅም” ብሎ ማብላት ነውር ነው። ሶፊ ማልት ምትክ ይሆናል? ለዳቦ አዎ፣ ጣፋጭ ስለሆነ ስኳሩን ቀንሱ። ለአዋዜ ግን አይሞከርም።

ከድስት ውጭ ያለውን ቶሎ ልለፈው። ቱርቦ የሚባለው የቢራ፣ የወይንና የስፕራይት ቅልቅል (ጂን የሚጨምርበትም አለ) ወጣቱ ገንዘብ ለመቆጠብ የፈጠረው ነው፣ ጠዋት ላይ ግን የቆጠብከውን ራስ ምታቱ ይወስደዋል። ፀጉር በቢራ መታጠብም ወሬው ብዙ ነው፣ እኔ ካየሁት የሚቀረው ሽታው ነው። በክረምት ጎመን ለሚበላ ቀንድ አውጣ ግን ፍቱን ነው፦ ጥልቀት ያለው ክዳን ከአፈሩ እኩል ቅበሩና የተረፈ ቢራ ሙሉበት፣ ሽታው ይጠራቸውና ገብተው ይቀራሉ።

ቆርኪው ቆርቆሮ ሲመታ ከሚስማሩ ራስ ሥር የሚገባ ዋሸር ይሆናል፣ ሳጥኑ የጀበና ቡና መቀመጫ ነው። ጠርሙሱን ግን አትጣሉት። ባዶ ጠርሙስ ይዛችሁ ካልሄዳችሁ ግሮሰሪው ማስያዣ ይጠይቃችኋል፣ ያኔ ርካሽ ያልነው ቢራ ርካሽ መሆኑ ይቀራል።