«አንዳቸውንም አልፈልግም» የሚባልበት ጉባኤ፦ ሊበርታሪያን ፓርቲ ፕሬዚዳንታዊ ዕጩውን እንዴት ይመርጣል?

የአሜሪካ ምርጫ በመጣ ቁጥር ወሬው ሁሉ ስለ ሁለት ፓርቲዎች ነው። ብዙ ግዛቶች ውስጥ ግን የምርጫ ወረቀቱ ላይ ሌላም ስም አለ፤ የሊበርታሪያን ፓርቲ ዕጩ። ያ ሰው ዕጩ የሚሆንበት መንገድ ከትልልቆቹ ፓርቲዎች በጣም ይለያል።

ፓርቲው የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1971 በኮሎራዶ ግዛት ነው። አቋሙ ባጭሩ መንግሥት ከሰው ኪስም ከሰው ጓዳም እጁን ያውጣ የሚል ነው። ግብር ይቀነስ፣ ባሕር ማዶ ሄዶ መዋጋት ይቅር፣ ሰው በራሱ ሕይወት ራሱ ይወስን ይላል።

ዲሞክራቶችና ሪፐብሊካኖች ዕጩአቸውን የሚለዩት በቅድመ ምርጫ ነው። ሚሊዮኖች በየግዛቱ ድምፅ ይሰጣሉ፤ ጉባኤው ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ያለቀለት ነው። ሊበርታሪያኖችም በአንዳንድ ግዛቶች ቅድመ ምርጫ አላቸው፤ ውጤቱ ግን ማንንም አያስገድድም። ወሳኙ ጉባኤው ነው። እዚያ የሚቀመጡት እስከ አንድ ሺህ የሚደርሱ ልዑካን ናቸው። የየግዛቱ ቅርንጫፍ በራሱ ስብሰባ መርጦ ይልካቸዋል። ቁጥራቸው ግዛቱ ውስጥ ባሉት አባላት ብዛትና ፓርቲው ባለፈው ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ እዚያ ባገኘው ድምፅ ይወሰናል። አብዛኞቹ የትራንስፖርቱንም የሆቴሉንም ከኪሳቸው ነው የሚከፍሉት። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። በራሱ ገንዘብ የመጣን ሰው እገሌን ምረጥ ብሎ ማዘዝ ቀላል አይደለም።

ድምፅ የሚሰጠው በዙር ነው። ለማሸነፍ ከግማሽ በላይ ያስፈልጋል። ያንን ያገኘ ከሌለ መጨረሻ የወጣው ይሰናበትና እንደገና ይመረጣል። በእያንዳንዱ ዙር ደግሞ ከስሞቹ ጎን «አንዳቸውንም አልፈልግም» የሚል አማራጭ አለ። ይህ አማራጭ አይሰናበትም። ካሸነፈ ፓርቲው ያለ ዕጩ ይቀራል ማለት ነው።

ይህ እንዴት እንደሚሠራ በደንብ የታየው በግንቦት ወር 2024 በዋሽንግተን ሂልተን ሆቴል በተደረገው ጉባኤ ነው። ሆቴሉን ዋሽንግተን የኖረ ሐበሻ አያጣውም፤ በ1981 ፕሬዚዳንት ሬገን የተተኮሰባቸው ከዚያ ሲወጡ ነው። ዶናልድ ትራምፕ መጥተው ዕጩ አድርጉኝ፣ ካልሆነም ድምፃችሁን ስጡኝ አሉ። አዳራሹ በተቃውሞ ጩኸት ተቀበላቸው። በየአራት ዓመቱ ሦስት በመቶ ማግኘት ከፈለጋችሁ እንደዚሁ ቀጥሉ ብለው መለሱ። ጭብጨባ ያገኙት የዕድሜ ልክ እስረኛ የነበረውን ሮስ ኡልብሪክትን እፈታለሁ ሲሉ ነበር። በድረ ገጽ የዕፅ ገበያ የተፈረደበት ይህ ሰው ለሊበርታሪያኖች የመንግሥት ጭካኔ ምልክት ሆኖ ቆይቷል። ጥር 2025 ላይ ትራምፕ ምሕረት አደረጉለት። ፓርቲው ትንሽ ነው፤ ግን ያ አዳራሽ አንድን ሰው ከእስር ቤት አስወጥቷል ብል አላጋነንኩም።

በማግሥቱ ምርጫው ተጀመረ። ሮበርት ኬኔዲ ጁኒየርም ስማቸው ቀርቦ ነበር። በመላ አገሪቱ የሚታወቁት እኚህ ሰው ያገኙት 19 ድምፅ ነው፤ በመጀመሪያው ዙር ተሰናበቱ። በወረቀቱ ላይ የትራምፕን ስም በእጃቸው የጻፉ ስድስት ሰዎች ነበሩ። ሲጀመር ይመራ የነበረው ማይክል ሬክተንዋልድ ነው። ዙሩ ሲደጋገም ግን ድምፁ ወደ ጆርጂያው ቼዝ ኦሊቨር አጋደለ። በስድስተኛው ዙር ሬክተንዋልድም ወጣ። ኦሊቨር ብቻውን ቀረ ማለት ነው፤ ግን ገና አላሸነፈም። ሰባተኛው ዙር በእሱና «አንዳቸውንም አልፈልግም» በሚለው መካከል ሆነ። ከ60 በመቶ በላይ አግኝቶ አለፈ። ከሦስት ልዑካን አንዱ ያህል ግን የቀረውን አንድ ዕጩ እንኳ አልፈልግም ብሏል። አንዳንዱ ይህን መከፋፈል ይለዋል። እኔ ክብር ነው እላለሁ። መራጩ አልፈልግም የማለት መብቱ ወረቀቱ ላይ ተጽፎለታል።

ምክትሉንም ዕጩው አይሾምም፤ ልዑካኑ ለብቻው ይመርጣሉ። በ2016 የቀድሞው የኒው ሜክሲኮ ገዥ ጋሪ ጆንሰን በመጀመሪያው ዙር 49.5 በመቶ አገኙ። ለጥቂት አመለጣቸው። በሁለተኛው ዙር 55.8 በመቶ ሆኑ። ከዚያ ምክትላቸው እንዲሆኑ የፈለጓቸውን የማሳቹሴትሱን የቀድሞ ገዥ ዊልያም ዌልድን እንዲመርጡላቸው ጉባኤውን መለመን ነበረባቸው። ዌልድ ከሪፐብሊካን የመጡ ስለሆኑ ብዙዎች አላመኗቸውም። እሳቸውም ያለፉት በሁለተኛው ዙር፣ ከግማሽ በትንሹ አልፈው ነው። ሁለቱ በዚያ ዓመት ወደ 4.5 ሚሊዮን ድምፅ አመጡ። እስከ ዛሬ የፓርቲው ትልቁ ውጤት ይሄ ነው፤ ከጠቅላላው 3.3 በመቶ ገደማ። 5 በመቶ ቢደርስ ለቀጣዩ ምርጫ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ ያገኝ ነበር።

በ2020 በኮሮና ምክንያት ዕጩው የተመረጠው በኢንተርኔት ነው። ጆ ጆርገንሰን በአራተኛው ዙር አሸነፈች። ለፓርቲው ፕሬዚዳንታዊ ዕጩ የሆነች የመጀመሪያዋ ሴት ናት።

ጉባኤው ትልልቆቹ ፓርቲዎች ከሚሰበሰቡበት ቀደም ብሎ የሚደረገው በከንቱ አይደለም። ትንሽ ፓርቲ በየግዛቱ የምርጫ ወረቀት ላይ ለመግባት የየግዛቱን ሕግ ማሟላት አለበት። ብዙ ቦታ በሺዎች የሚቆጠር ፊርማ ያስፈልጋል። በጎ ፈቃደኞች ወረቀት ይዘው ገበያ በር ላይ ይቆማሉ። ድካማቸውን ሳስበው ያሳዝነኛል፤ ለትልልቆቹ በቀላሉ የሚሰጠውን እነሱ በየጊዜው እንደ አዲስ ነው የሚለምኑት።

የመጀመሪያው ዕጩ በ1972 የተመረጡት የፍልስፍና ፕሮፌሰሩ ጆን ሆስፐርስ ነበሩ። ከመላ አገሪቱ ያገኙት አራት ሺህ ያልሞላ ድምፅ ነው። ሆኖም ፕሬዚዳንቱን በይፋ በሚመርጠው የመራጮች ጉባኤ ውስጥ ለሪፐብሊካኑ ኒክሰን ድምፅ እንዲሰጥ የተወከለ ሮጀር ማክብራይድ የሚባል የቨርጂኒያ መራጭ ድምፁን ለእሳቸውና ለምክትላቸው ቶኒ ናታን ሰጠ። ናታን በአሜሪካ ታሪክ የመራጮች ጉባኤን ድምፅ ያገኙ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ሊበርታሪያኖቹም ለ1976ቱ ምርጫ ዕጩ ያደረጉት ይህንኑ ማክብራይድን ነበር።