የሰርቨር ኮድ ለመጻፍ ላፕቶፕ ስናዘጋጅ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሰርቨር ኮድ (ከድረ ገጽ ጀርባ ሆኖ የሚሠራውን ፕሮግራም) መጻፍ የሚጀምሩ ልጆችን አግዛለሁ። ብዙዎቹ ተስፋ የሚቆርጡት ገና አንድ መስመር ሳይጽፉ ነው። የሚያስፈራቸው ኮዱ አይደለም፤ ስለ ላፕቶፕ ዝግጅት ከዚህም ከዚያም የሰሙት ወሬ ነው። እኔ የምሠራው ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ስለሆነ ምሳሌዎቼም ከዚያው ናቸው።

«ውድ ላፕቶፕ ከሌለኝ አልችልም።»
ትችላላችሁ። 4 ጊጋ ራም ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ፓይተንንና ጃንጎን (በፓይተን ድረ ገጽ መሥሪያውን) ለመማር ይበቃል። ለዳታቤዝ (ለዳታ ማከማቻ) ኤስኪዩላይት የሚባል ፕሮግራም አለላችሁ፤ ዳታውን ሁሉ በአንድ ፋይል ይይዛል። እንዲህ ያለውን ማሽን የሚያደክመው ዶከር (ፕሮግራሞችን ከሚያስፈልጋቸው ነገር ጋር ለየብቻ አሽጎ የሚያስኬድ መሣሪያ) ነው። እሱ ለጊዜው ይቆይ።

«ኔት ከሌለ ሥራ የለም።»
ከሁሉም የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ስንቱ ልጅ ኔት እስኪመጣ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል! የምትሠሩት ድረ ገጽ የሚነሳው እዚያው ላፕቶፓችሁ ላይ ነው። ብራውዘሩ ላይ 127.0.0.1 (የራሱ የላፕቶፑ አድራሻ) ብላችሁ ስትጽፉ ጥያቄው ከማሽኑ አይወጣም። ኔት የሚያስፈልጋችሁ ፓኬጆቹን (እንደ ጃንጎ ያሉ፣ ሌሎች የጻፏቸውን ዝግጁ ኮዶች) ለማውረድ ነው፤ እሱም አንዴ ነው። ኔት ያለበት ቦታ ሂዱና «ፒፕ ዳውንሎድ» (ፒፕ የፓይተን ፓኬጅ አውራጅና ጫኝ ነው) በሚለው ትእዛዝ አንድ ፎልደር ውስጥ አውርዷቸው። ከዚያ በፍላሽ ገልብጣችሁ ሞጣም ሆነ ደጀን ይዛችሁ ሂዱ። ስትጭኑ ለፒፕ ሁለት ነገር ንገሩት፦ ኢንተርኔት ላይ እንዳይፈልግ፣ ከፎልደሩ እንዲያነሳ። አደራ፣ የሚያወርደውና የሚጭነው ማሽን ኦፐሬቲንግ ሲስተማቸውም የፓይተን ቨርዥናቸውም አንድ ይሁን። ሊኑክስ ላይ የወረደ ፓኬጅ ዊንዶውስ ላይ እምቢ ሊል ይችላል። የፓይተንና የጃንጎ ማብራሪያም በነጻ ይወርዳል፤ ያለ ኔት ታነቡታላችሁ።

«ፓኬጁን ሁሉ አንድ ላይ መጫን ነው።»
አንዱ ፕሮጀክት የድሮውን ጃንጎ፣ ሌላው አዲሱን ሲፈልግ ይጋጫሉ። ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት የራሱን ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት (ፓኬጆቹ ከሌላው ጋር ሳይቀላቀሉ የሚቀመጡበት የተለየ ቦታ) ክፈቱለት። መክፈቻው መሣሪያ ከፓይተን 3.3 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ከፓይተን ጋር አብሮ ይመጣል።

«አማርኛ ዳታ ያስቸግራል።»
የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት የሚለዩበት የጋራ ዝርዝር) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ዩቲኤፍ-8 የሚባለው ኢንኮዲንግ (ፊደልን ወደ ባይት የመለወጫ መንገድ) አንዱን የግዕዝ ፊደል በ3 ባይት ይይዛል፤ «ጎጃም» ሦስት ፊደል ቢሆንም 9 ባይት ነው። የጽሑፍ ርዝመት በባይት የሚለካ ኮድ ከጻፋችሁ እዚህ ላይ ትሳሳታላችሁ። ሌላው ችግር ዊንዶውስ ላይ ነው። ፋይል ስትከፍቱ ኢንኮዲንጉን ካልጻፋችሁ፣ ፓይተን የዊንዶውስን የቆየ ኢንኮዲንግ ሊወስድ ይችላል። ያኔ አማርኛው ይበላሻል። ሁልጊዜ ዩቲኤፍ-8 ብላችሁ ጻፉለት።

«እኔ ጋ ከሠራ ሰርቨሩም ላይ ይሠራል።»
ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ ትልቁንና ትንሹን የእንግሊዝኛ ፊደል አይለይም። ሊኑክስ ይለያል፤ ሰርቨሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሊኑክስ ነው። ስለዚህ ኮዱ ውስጥ የፋይሉን ስም በትልቅና በትንሽ ፊደል አሳስታችሁ ከጻፋችሁ፣ እናንተ ጋ ይሠራል፤ ሰርቨሩ ግን ፋይሉን አያገኘውም።

«ፓስወርዱን ለጊዜው ኮዱ ውስጥ ላድርገው፣ በኋላ አጠፋዋለሁ።»
ጊት (የኮዱን ለውጥ ታሪክ የሚመዘግበው ፕሮግራም) የቀደመውን ሁሉ ይይዛል። ዛሬ ብታጠፉት እንኳ የትናንቱን ታሪክ የከፈተ ሰው ያገኘዋል። ከመጀመሪያው ለብቻው ፋይል ውስጥ አስቀምጡት፤ ፋይሉንም ጊት እንዲዘለው አድርጉ። አምልጦ የወጣ ፓስወርድ ካላችሁ ግን ማጥፋቱ አያድናችሁም፤ ዛሬውኑ ቀይሩት።