ስቴብል ወይስ ቴስቲንግ፦ ጄንቱን ከሶርስ ኮድ ሲጀምሩ

ጄንቱ ሊነክስ የፕሮግራሞችን ሶርስ ኮድ (ሰው የጻፈውን የፕሮግራም ጽሑፍ) አውርዶ በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ ኮምፓይል የሚያደርግ፣ ማለትም ማሽኑ ወደሚያስኬደው ፕሮግራም የሚቀይር፣ የሊነክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ስርጭት ነው። መሥራቹ ዳንኤል ሮቢንስ መጀመሪያ ኢኖክ ብሎት ነበር፤ 1.0 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ሥራውን የሚያቀናጀው ፖርቴጅ የሚባለው ፕሮግራም ሲሆን፣ የሚታዘዘውም ኢመርጅ በሚባል ትእዛዝ ነው።

እያንዳንዱ ፓኬጅ (በፖርቴጅ በኩል የሚጫን ፕሮግራም) ለየትኛው የፕሮሰሰር ዓይነት እንደሆነ ምልክት አለው። ምልክቱ ብቻውን ከቆመ ስቴብል፣ ከፊቱ ~ ካለበት ቴስቲንግ ይባላል። አዲስ እትም በአብዛኛው በ~ ይገባና 30 ቀን ያህል ከባድ ችግር ካልታየበት፣ ሞካሪዎችም ካረጋገጡት፣ ~ው ይነሣለታል። ቴስቲንግ ሲባል ብዙ ሰው ያላለቀ ፕሮግራም ይመስለዋል፤ አይደለም። ፕሮግራሙን የጻፉት ሰዎች ጨርሰው ለቀውታል፤ በደንብ ያልተፈተነው ከሌሎቹ ፓኬጆች ጋር አብሮ መሥራቱ ነው።

ከባዶ መነሣት የዶሮና የእንቁላል ነገር አለበት፦ ኮምፓይለር ለመሥራት ኮምፓይለር ያስፈልጋል። ድሮ ስቴጅ 1 ከሚባለው፣ ጥቂት መሣሪያ ብቻ ካለበት መነሻ ተነሥቶ ጂሲሲን (ኮምፓይለሩን)፣ ቢንዩቲልስን (አጋዥ መሣሪያዎቹን) እና ጂሊብሲን (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚደገፉበትን መሠረታዊ ላይብረሪ) ራስ መገንባት የወንድነት መለኪያ ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ መመሪያው የሚያስጀምረው ከስቴጅ 3 ነው፤ ይህም በስቴብል ፓኬጆች ተገንብቶ ያለቀ መሠረት ነው። ጀማሪ እዚያው ስቴብል ላይ ቢቆይ ይሻለዋል። ሙሉ ሲስተሙን ወደ ቴስቲንግ ማሳለፍ በማዋቀሪያ ፋይሉ ላይ አንድ መስመር መጻፍ ብቻ ነው፤ መመለሱ ነው ጣጣው። ጂሊብሲን ወደ አሮጌ እትም ላውርድ ያለ ሰው ፖርቴጅ «ሲስተምህን ለማትረፍ አቋርጫለሁ» የሚል መልስ ሰጥቶት ይቆማል። በአዲሱ ላይ የተገነባ ፕሮግራም በአሮጌው ውስጥ የሌለ ነገር ስለሚፈልግ፣ ቢፈቀድለት ኖሮ ተርሚናሉ እንኳ ላይከፈት ይችላል።

አዳማ ላይ ምርጫው የመብራትና የዳታ ጉዳይም ይሆናል። ቴስቲንግ አዲስ እትም ቶሎ ቶሎ ያመጣል፤ እያንዳንዱ እትም ደግሞ እንደገና ማውረድና ኮምፓይል ማድረግ ነው። የቆየ ባትሪ ባለው ላፕቶፕ ጂሲሲን ሰዓታት ካስኬዱ በኋላ መብራት ቢሄድ፣ የኢመርጅ ማስቀጠያ ቀሪዎቹን ፓኬጆች ያስቀጥላል እንጂ የተቋረጠውን ጂሲሲ ከመጀመሪያው ነው የሚያስነሣው። የከተማው ሙቀትም አለ፤ ከሰዓት በኋላ የላፕቶፑ ፋን ሲጮህ ከጎረቤት ይሰማል። ስለዚህ ሶርስ ኮዱን ብቻ በሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል አውርዶ፣ ኮምፓይሉን ማለዳ መጀመር ይመረጣል። እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2023 ወዲህ ኤኤምዲ64 እና አርም64 ለሚባሉት የፕሮሰሰር ዓይነቶች በየጊዜው የሚታደሱ፣ ኮምፓይል ተደርገው የተዘጋጁ ፓኬጆች ይቀርባሉ፤ የሚገነቡት ግን በስቴብል ላይ ነው። ሙሉ በሙሉ ወደ ቴስቲንግ የሄደ ሰው ከዚህ ብዙም አይጠቀምም።

ለየት የሚለው አዲስ ላፕቶፕ የያዘ ሰው ነው፤ ስቴብሉ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ወይም ሜሳ (የግራፊክስ ላይብረሪው) የስክሪን ካርዱን ላያውቀው ይችላል። ያን ጊዜ የሚፈለገውን ፓኬጅ ለብቻው በፈቃድ ፋይሉ (ቴስቲንግ የሚፈቀድላቸው ፓኬጆች በሚዘረዘሩበት ፋይል) ውስጥ ማስገባት ይበቃል። ፓኬጁ የሚፈልጋቸውን ሌሎች ፓኬጆች ተከትሎ ዝርዝሩ ሊረዝም ስለሚችል ፖርቴጅ የሚጠይቀውን ሁሉ ሳያነቡ አለመፍቀድ ነው። በመስመሩ ላይ የፓኬጁን ስም ብቻ ሳይሆን የእትሙንም ቁጥር መጻፍ ጥሩ ነው፤ ያ እትም ወደ ስቴብል ሲገባ መስመሩ ሥራ ፈትቶ ይቀራል፣ ፓኬጁም ከሌላው ሲስተም ጋር እኩል ይሄዳል።