አርፒኢ 8 ሲባል ምን ማለት ነው?

ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር ጂም የሚሠራ ሰው ከኢንተርኔት ያወረደው ፕሮግራም ላይ «3 ዙር፣ 5 ጊዜ፣ አርፒኢ 8» የሚል ያገኛል። አርፒኢ (RPE) ዙሩ ምን ያህል እንደከበደህ ከ10 የምትሰጠው ነጥብ ነው። 8ቱ ኪሎ አይደለም። ዙሩን ስትጨርስ ስንት ጊዜ ማንሳት እንደቀረህ የሚናገር ቁጥር ነው።

10 ከሆነ አንድም መድገም አትችልም። 9 ከሆነ አንድ፣ 8 ከሆነ ሁለት ይቀርሃል። ስለዚህ 7 ጊዜ ልታነሳው የምትችለውን ክብደት 5 ላይ ታቆማለህ ማለት ነው።

አስቸጋሪው ግምቱ ነው። ጀማሪ «በቃኝ» ሲል ብዙ ጊዜ ገና ሦስት አራት ይቀረዋል። በተለይ ስኳት (ብረት ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) ላይ የትንፋሽ ማጠርን ከጡንቻ መዛል ለይ። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከቆላ ለመጣ ሰው ትንፋሹ ቀድሞ ያልቃል። ፍጥነቱን እይ፦ በሙሉ ኃይልህ እየገፋህ ብረቱ ከተንቀረፈፈ የቀረህ ጥቂት ነው።

ሁሉንም ዙር 10 ማድረስ ጀግንነት የሚመስላቸው አሉ። በሬዎቹን በመጀመሪያው ትልም የሚጨርስ የጎጃም ገበሬ ግን አላየሁም። ጡንቻ ለማሳደግ አንድ ሁለት ቀርቶህ ብታቆምም ይሠራል። 10 ካማረህ የመጨረሻው ዙር ላይ፣ እንደ ቢሴፕስ (የክንድ ጡንቻ) ባለ ቀላል እንቅስቃሴ ሞክረው። ቤንች (በጀርባ ተኝቶ ብረት መግፋት) ላይ ያለ ረዳት ከሆንክ ተወው።