የጂኖም ክብ ሥዕል፦ ከጤፍ እስከ ጣና ዓሣ

የጂኖም (የአንድ ፍጡር ሙሉ ዘረመል) ክብ ሥዕል ክሮሞዞሞችን በክብ ዙሪያ ደርድሮ፣ ዝምድናቸውን በክቡ ውስጥ በሚያልፉ መስመሮች የሚያሳይ የመረጃ አቀራረብ ነው። ዘዴውን ከሁሉ በላይ ያስፋፋው ሰርኮስ የተባለው ነጻ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ማርቲን ክርዚዊንስኪ ካናዳ፣ ቫንኩቨር ውስጥ ከባልደረቦቹ ጋር በፐርል የኮምፒውተር ቋንቋ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ2009 አስተዋወቀው። በአር ቋንቋ ለሚሠሩ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ሰርክላይዝ የተባለ መሰል ፕሮግራም አለ።

ባሕር ዳር፦ ዩኒቨርሲቲ፣ የአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩትና የዓሣ ምርምር ማዕከል የሚገኙባት ከተማ ናት። የውጭ መማሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ ከሰው ጂኖም ይጀምራሉ፤ እዚህ ለሚማር ሰው ግን ጤፍን የሚያህል መነሻ የለም። ጤፍ 40 ክሮሞዞሞች አሉት፤ የሁለት ጥንታዊ ወላጆችን ጂኖም በአንድነት ስለያዘ ኤ እና ቢ የሚባሉ፣ እያንዳንዳቸው አሥር አሥር ጥንድ የሆኑ ሁለት ወገኖች አሉት። ዳቢ የተባለው የጤፍ ዝርያ ጂኖም በክሮሞዞም ደረጃ ተሰድሮ እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል።

ሥራው የሚጀምረው ከተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። አንዱ ፋይል የየክሮሞዞሙን ስም፣ መነሻ፣ መድረሻና ቀለም ይይዛል፤ ሌላው በየመስመሩ ሁለት ተዛማጅ ቦታዎችን ያጣምራል። ስሙ በሁለቱ ፋይሎች በአንድ ፊደል እንኳ ቢለያይ ፕሮግራሙ አንድነታቸውን አያውቅም።

ከዚያ የሚመጣው የአደራደር ጉዳይ ነው፤ ብዙ ሥዕል የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። የኤ ወገን ከ1 እስከ 10 በቀኝ ከላይ ወደ ታች ተደርድሮ ቢ በዚያው ዙር ከ1 እስከ 10 ከቀጠለ፣ መስመሮቹ ሁሉ መሐል ላይ ተጠላልፈው ምንም አይነበብም። የቢ ቅደም ተከተልም የየክሮሞዞሙ አቅጣጫም ሲገለበጥ ግን የኤ እና የቢ ተዛማጆች ፊት ለፊት ይገጥማሉ፤ መስመሮቹም ጎን ለጎን ይሄዳሉ። የ2020ው ጥናት በሁለቱ ወገኖች መካከል ሰፊ የመዋቅር መዘበራረቅ አላገኘም። ስለዚህ ሌሎቹን መስመሮች አቋርጦ የሚሄድ ወፍራም መስመር ያየ ተማሪ፣ አዲስ ግኝት ነው ከማለቱ በፊት ፋይሉን ይመርምር።

ክብ ሥዕል ለሁሉም አይሆንም። ወደ ውስጥ በተገባ ቁጥር ዙሪያው ስለሚጠብ ያው መረጃ ጠቦ ይታያል፤ መጠንን ለማወዳደር ቀጥ ያለ ግራፍ ይበልጣል። የጣና ላቤዎባርበስ ዓሦች ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናቸው። የሚቶኮንድሪያቸው (የኅዋስ ኃይል አመንጪ ክፍል) ዘረመል 37 ጂኖችን የያዘ፣ በተፈጥሮው ክብ የሆነ ስለሆነ ሥዕሉ ልክ ይገጥመዋል። የኅዋስ አስኳላቸው ግን ስድስት እጥፍ የሆኑ፣ ወደ 150 የሚጠጉ ክሮሞዞሞች አሉት። እነዚህን 75 ጥንዶች በአንድ ክብ መደርደር ለእያንዳንዱ አምስት ዲግሪ ያህል እንኳ አይተውም፤ ጥቂት ክሮሞዞሞችን መርጦ በየተራ መሣል ይሻላል።