ተመራጭ ፈረስ፦ ለእርሱ እና በእርሱ ላይ መወራረድ

በፈረስ እሽቅድምድም «ተመራጭ» የሚባለው ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ የበለጠ የአሸናፊነት ግምት ያገኘ፣ በዚህም ምክንያት ቢቀድም አነስተኛ ክፍያ የሚያስገኝ ፈረስ ነው። የአዳማ ነዋሪ ፈረስን በቅርብ የሚያውቀው ከጋሪ ጋር ነው፤ የፈረስ ውርርድን ግን የሚያገኘው የእግር ኳስ ትኬት በሚቆረጥባቸው ቤቶች፣ በጨዋታዎች መካከል በስክሪን በሚታየው የኮምፒውተር እሽቅድምድም ነው። በእነዚህ ቤቶች «ትንሽ ኦድ ይሻላል ወይስ ትልቅ?» እየተባለ የሚነሳው ክርክር በውጭ አገር የመሮጫ ሜዳዎች ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ጥያቄ ነው።

ኦድ የፈረሱን የማሸነፍ ዕድል በዋጋ የሚገልጽ፣ ፈረሱ ቢቀድም የተያዘው ገንዘብ የሚባዛበት ቁጥር ነው። ስድስት ፈረሶች 2፣ 4፣ 5፣ 8፣ 10 እና 15 ኦድ ተሰጥቷቸዋል እንበል። ማንኛውም ፈረስ ቢቀድም 100 ብር ማግኘት የሚፈልግ ሰው በቅደም ተከተል 50፣ 25፣ 20፣ 12.50፣ 10 እና 6.67 ብር መመደብ ይኖርበታል፤ ድምሩ 124.17 ብር ነው። ከመቶ በላይ ያለው 24 ብር ከ17 ሳንቲም በኦዶቹ ውስጥ የተደበቀ የአወራራጁ፣ ማለትም የውርርድ ቤቱ ድርሻ ነው። ተወራራጁ ትንሹን ኦድ ቢመርጥም ትልቁን ከዚህ ድርሻ አያመልጥም፤ ልዩነቱ ድርሻው በየትኛው ፈረስ ላይ ይበልጥ ይከብዳል የሚለው ነው።

በዚህ ረገድ የተገኘው ውጤት አስገራሚ ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያው ሪቻርድ ግሪፊዝ እ.ኤ.አ. በ1949 የአሜሪካ ተወራራጮችን ኦድ ከውጤቶቹ ጋር አነጻጽሮ፣ ሰዎች ዕድላቸው ጠባብ በሆነ ፈረሶች ላይ ከሚገባው በላይ፣ በተመራጮች ላይ ደግሞ ከሚገባው በታች ገንዘብ እንደሚጥሉ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ፣ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የአሜሪካ ውድድር መረጃዎችን የመረመረ ሌላ ጥናት ደግሞ በእያንዳንዱ ውድድር ተመራጩን የያዘ ሰው ከመቶው 5.5 ያህል ሲከስር፣ መቶ እጥፍና ከዚያ በላይ በሚከፍሉት ላይ የጣለ ግን 61 ያህል እንደሚከስር አስልቷል። ተመራጩን መያዝ ኪሳራውን ያቀልላል እንጂ አያጠፋውም። ምክንያቱን አንዳንዶች ሰው ጠባብ ዕድልን አግዝፎ ከማየቱ ጋር ያያይዙታል፤ ሌሎች ደግሞ አወራራጮች የውስጥ ምስጢር ከሚያውቁ ሰዎች ራሳቸውን ለመጠበቅ ትልልቅ ኦዶችን ዝቅ ስለሚያደርጉ ነው ይላሉ። ዝንባሌው ግን በሁሉም አገር አንድ ዓይነት አይደለም፤ በሆንግ ኮንግ ውድድሮች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ይህን ዝንባሌ አላገኙም።

ተመራጭ መሆን ማሸነፍ ማለት እንዳልሆነ የአሜሪካዊው ፈረስ የሴክሬታሪያት ታሪክ በግልጽ ያሳያል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 1973 በቤልሞንት ውድድር በ31 የፈረስ ርዝመት ርቀት ሲያሸንፍ ኦዱ እጅግ ዝቅ ብሎ ስለነበር በ2 ዶላር ትኬት የተከፈለው 2.20 ዶላር ብቻ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላው ግን በሳራቶጋ ሜዳ «ኦኒየን»፣ ማለትም ሽንኩርት በተባለ ፈረስ ተሸነፈ። በአጠቃላይ ተመራጮች የሚያሸንፉት ከሦስት ውድድሮች በአንዱ ያህል ነው።

«በተመራጩ ላይ»፣ ማለትም አያሸንፍም ብሎ መወራረድ በተለመደው አሠራር ለሌሎቹ ፈረሶች ገንዘብ ማስያዝ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በእንግሊዝ ሥራ የጀመረው ቤትፌር የተባለ የውርርድ ድርጅት ተወራራጮችን እርስ በርስ በማገናኘት «ይህ ፈረስ አያሸንፍም» ብሎ በቀጥታ መወራረድን ለብዙኃኑ አቀረበ። ይህን መንገድ የሚመርጥ ሰው ተመራጩን መጥላቱ ብቻ አይበቃውም፤ ሕዝቡ ፈረሱን ከአቅሙ በላይ እንደገመተው የሚያሳይ ማስረጃ፣ ለምሳሌ የጭቃ ሜዳ፣ የርቀት ለውጥ ወይም ረጅም ዕረፍት ያስፈልገዋል።

በአዳማ ስክሪኖች ላይ ግን ይህ ሁሉ ዕውቀት ቦታ የለውም። ልምድ ያለው ጋሪ ነጂ የፈረስን አረማመድ አይቶ ድካሙን ይለያል፤ የኮምፒውተሩ ፈረስ ግን የሚደክም እግር የለውም፤ አሸናፊውን የሚወስነው ፕሮግራሙ በዘፈቀደ የሚያወጣው ቁጥር ነው። ያለፉትን አሥር ዙሮች በወረቀት መዝግቦ ቀጣዩን ለመተንበይ የሚደክም ወጣት ጊዜውንም ገንዘቡንም ያጣል፤ ይህ ሊነገረው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

የግብር ሕጉም ትልቅ ኦድን ይበልጥ ይጫናል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከዕድል ጨዋታ በሚገኝ ገቢ ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሎ፣ ከ1,000 ብር በታች የሆነውን ነጻ አድርጎ ነበር። በዚህ ስሌት 100 ብር አስይዞ በ2 ኦድ ያሸነፈ ሰው 200 ብሩን ሙሉ ሲወስድ፣ በ15 ኦድ ያሸነፈው ከ1,500 ብሩ 225 ብር ተቀንሶ 1,275 ብር ይደርሰው ነበር።